ቡችላ ላመጣ ኮሶዬ ሄጄ

እኔና ባለቤቴ ከስደት የተመለስን ዕለት ልጆቻችን ተሰደዱ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ የዳባት ልጅ ነኝ፤ ባለቤቴ ደግሞ ደባርቅ ተወልዶ ያደገ። የተገናኘነው ግን ጀርመን አገር፣ አንዲት ዝናብ የማያባራባት ከተማ ውስጥ፣ አውቶቡስ ስንጠብቅ ነው። ከኋላዬ አንድ ሰው ብርዱን በጎንደር አማርኛ ሲረግም ሰማሁና ዘወር አልኩ፤ ዘወር እንዳልኩ ሁለት ልጆች ወለድን። ልጆቹ እዚያው አፍ ፈቱ፣ እዚያው ጥርስ ነቀሉ። ባለቤቴ ዛሪማ አካባቢ የውኃ ጉድጓድ የማስቆፈር ሥራ ሲያገኝ "አገራችን ልንገባ ነው!" ብለን ዘለልን። ያልዘለሉት ሁለቱ ብቻ ናቸው። እነሱማ አገራቸው ነበሩ። ለእነሱ ውጭ አገር ማለት ደባርቅ ነው።

ትልቋ ሶልያና ዐሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። ዐሥራ ሦስት ዓመት፣ ልጅ ያላችሁ እንደምታውቁት፣ በሩ ከውስጥ የሚቆለፍበት ዕድሜ ነው። አማርኛ ታውቃለች፤ ግን በመጣን ሰሞን ሱቅ ልኬያት "እንቁላል አለሽ?" ማለት ሲገባት ባለሱቋን "እንቁላል ነሽ?" ብላ ጠየቀቻት። ባለሱቋ ሳቀች፤ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ሳቀ። ሰዉ በፍቅር ነው የሳቀው፤ ለልጄ ግን ሳቅ ሳቅ ነው። ከዚያ ወዲያ ከቤት ስትወጣ አፏን ዘግታ፣ ስትመለስ በጀርመንኛ ከፍታ ሆነ። ታናሿ ናታን ደግሞ በየጠዋቱ ጫማውን እያሠረ "እማ፣ መቼ ነው ወደ ቤት የምንሄደው?" ይለኛል። ቤት ውስጥ ተቀምጦ!

እኔ ግን የተደበቀ መሣሪያ ነበረኝ። ውሻ። ጀርመን ሳለን ሁለቱም ውሻ ግዢልን እያሉ ዕድሜዬን ጨርሰውታል። ፍሪጁ በውሻ ሥዕል ተሸፍኖ እጀታው እስኪጠፋን ድረስ። እኔ አንዴ አከራዩን፣ አንዴ አለርጂን ሰበብ አደርግ ነበር፤ ሐቁን ንገሪን ካላችሁኝ ግን ውሻ እፈራለሁ። የዳባት ልጅ ከውሻ ጋር የምትተዋወቀው በድንጋይ ነው። እኔ እንኳን ድንጋይ አላነሣም፤ ጎንበስ ብቻ እል ነበር። ጎንበስ ማለት ግማሽ ድንጋይ ነው። ይሁን እንጂ ልጅ አገር የሚለምደው በሚወደው ነገር ነው ብዬ፣ ገና ከጀርመን ሳልነሣ ለፋሲካ ኮሶዬ ላለው አጎቴ ደውዬ ቡችላ እንዲያስቀምጥልኝ አደራ ብዬ ነበር።

አንድ ቀን እራት ላይ አወጅኩ። "ልጆች፣ ውሻ ልናሳድግ ነው!"

እልልታ ነበር የጠበቅሁት። ናታን ማንኪያውን አስቀመጠ።

"አንፈልግም" አለች ሶልያና በጀርመንኛ።

"እንዴት አትፈልጉም? ስንት ዓመት ለምናችሁኝ!"

"ያኔ ሌላ ነበር።"

"ምኑ ነው ሌላ?"

መልሱን የሰጠኝ ናታን ነው፤ በጣም በቀስታ። "እማ፣ ውሻ ከመጣኮ ትተነው መሄድ አንችልም።"

ሳቅሁ። ምን ላድርግ? ከዚያ ተነሥቼ የታጠበውን ሳህን እንደገና አጠብኩ።

የተማከርኩትም ሰው አልነበረም፤ ባለቤቴ ከዛሪማ የሚመጣው በሳምንት አንዴ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ልጆቹን ጎረቤታችን መሪጌታ ቤት ትቼ ተነሣሁ። መሪጌታ ቅኔ ያስተምራሉ፤ ሰዉ ሁሉ "የኔታ" ነው የሚላቸው። የምሄድበትን ስነግራቸው ሱሪያቸውን ከቁርጭምጭሚታቸው ሰበሰቡና አንድ ጠባሳ አሳዩኝ።

"ይህ የምን ጥርስ ነው?"

"የውሻ ነው የኔታ?"

"የውሻ ነው። ከደረስጌ ለትምህርት መጥቼ የቆሎ ተማሪ ሳለሁ፣ ለምኜ ከበላሁት የተነከስኩት ይበልጣል።"

"እና ምን ይመክሩኛል?"

ትንሽ አሰቡ። "ትንሽ ይሁን" አሉኝ።

ኮሶዬ ስደርስ አጎቴ አያ ሙሉ አጥሩን ሲያጥር አገኘሁት። በቅርጫት ነጠላ አንጥፌ ይዤያለሁ፤ ቡችላው እንዳይበርደው።

"አያ ሙሉ፣ ቡችላው የታለ?"

"ያውልሽ" አለኝ።

አጥሩ ሥር ጥጃ የሚያክል ቡላ ውሻ ተኝቷል። ከኋላው ቡችላ ፈለግሁ። የለም።

"ቡችላ ነበርኮ ያልኩህ!"

"ቡችላ ነበር" አለ አያ ሙሉ ሥራውን ሳያቋርጥ። "ለፋሲካ ደወልሽ፤ አስቀምጥልኝ አልሽ፤ አስቀመጥኩ። አንቺ ኅዳር ላይ መጣሽ። እሱ አንቺን እየጠበቀ ማደጉን ማቆም ነበረበት?"

"ስሙ ማን ነው?"

"ተመለስ።"

"ማን?"

"ተመለስ! እኔማ ስም አላወጣሁለትም። ትንሽ ሳለ ገበያ በሄድኩ ቁጥር ይከተለኛል፤ እኔም መንገዱን ሙሉ 'ተመለስ! ተመለስ!' እያልኩ እጮኻለሁ። ስሙ መስሎት ያዘው።"

አሁን ማን ይመልሰኛል? እምቢ ብል ነውር፤ ብወስደው ጉድ። ቅርጫቴን በራሴ ደፍቼ ገመዱን ተቀበልኩ። የሚኒባሱ ረዳት ውሻውን ከራስ እስከ ጅራት አየና "እማማ፣ እሱኮ ሦስት ሰው ነው" አለኝ። የሦስት ሰው እከፍላለሁ ብለው "ሦስት ሰው አይናከስማ!" ብሎ በሩን ዘጋ። ከእምቢታው ይልቅ "እማማ" ያለኝ ነው ያመመኝ። በመጨረሻ ድንች የጫነ አይሱዙ አዘነልን። ጋቢናው ሞልቶ ስለነበር እኔና ተመለስ ድንቹ ላይ ተሰየምን። እኔ ገመዱን በሁለት ጣቴ ይዤ፣ እሱ ጭንቅላቱን ወደ ኮሶዬ አዙሮ።

ይህ ሁሉ ምንም አልነበረም፤ ሾፌሩ ዳባት መሐል ጎማ ሊያይ ባይቆም ኖሮ። ዳባት ተወልጄ ያደግሁበት ነው። ከታች ሲያወሩ ይሰማኛል።

"ያቺ ጀርመን ሄደች የተባለችው ልጅ አይደለችም?"

"ራሷ ናት።"

"ታዲያ ድንች ላይ ምን ትሠራለች?"

"ኧረ ውሻም ይዛለች!"

"አይ ስደት!" አሉ አንዲት እናት፣ ከንፈራቸውን መጥጠው።

ቤት ደረስን። በሩ ሲከፈት ሶልያና ውሻውን አየች፤ ናታን ከጀርባዋ ተደበቀ፤ ተመለስም ከኔ ጀርባ ሊደበቅ ሞከረ። ሦስቱ ተያዩ። አንድ ዓይነት ፊት ነበራቸው። ያን ፊት ያን ጊዜ ደኅና አድርጌ ብመለከተው ኖሮ ብዙ ድካም በቀረልኝ።

ውሻ በበላበት ይጮኻል ይላሉ። የኛው ግን እኛ ቤት ሽሮውን ጠጥቶ ወደ ኮሶዬ ዞሮ የሚያላዝን ሆነ። ቤት አይገባም፤ በር ላይ ተቀምጦ የመጣበትን መንገድ ያያል። ሶልያና ደግሞ ውሻውን አትነካም፤ ሕጉን ግን ታውቃለች። ውሻ በቀን ሁለቴ መንሸራሸር አለበት። የጣለውም በፌስታል ይነሣል።

"እዚህ እንዲህ አይደረግም የኔ ልጅ" ብላት፣

"ውሻው የቤተሰብ ነው አላልሽም?" አለችኝ።

ብያለሁ። ስለዚህ በደባርቅ መንገድ ላይ ውሻ በገመድ ጎታች፣ ፌስታል ጨባጭ ሆንኩ። መጀመሪያ ልጆች ተከተሉኝ፤ ቀጥሎ ወሬው ተከተለኝ። ጀርመኖች ከውሻ ኩስ መድኃኒት ይሠራሉ፣ እሷም እየሰበሰበች ትልክላቸዋለች ተባለ። አንድ ጠዋት አንድ የማላውቀው ሰው በራችንን አንኳኳና ባርኔጣውን አውልቆ፣ "እትዬ፣ እኔም ጋ ሁለት ውሻ አለ፤ የሚያስፈልግዎ ከሆነ በየቀኑ ላመጣልዎ እችላለሁ" አለኝ።

በገበያ ቀን ደግሞ ተመለስ ገመዱን በጥሶ አስፋልቱን ይዞ ወደ ዳባት በረረ። እኔ ከኋላው። "ተመለስ! ኧረ ተመለስ! ተመለስ!" የጎንደር ሚኒባስ ቆመ፤ ሾፌሩ አንገቱን አውጥቶ "ምን አለ? ድልድዩ ተሰበረ?" አለኝ። አህያ የሚነዱ ሰዎች አህዮቻቸውን አዞሩ። ከፊት ከፊት ጥላቸውን ይዘው የሚሄዱት የኔታ እንኳን ዘወር ብለው መመለስ ጀመሩ።

"እርስዎን አይደለም የኔታ! ውሻውን ነው!"

"እውነትሽን ነው" አሉ ቆም ብለው። "እኔን ቢሆን 'ይመለሱ' ትይኝ ነበር። ደንግጬ ነው።"

ውሻውን ይዤ ስመጣ ከበራችን ላይ አንድ ድምፅ ሰማሁ። ናታን ነበር፤ ሆዱን ይዞ ይስቃል። አገር ከገባን ያን ሳቅ ሰምቼው አላውቅም። ሶልያናም አፏን በእጇ ሸፍናለች።

ከዚያ ነገሩ ቀስ በቀስ ተለወጠ። ናታን እኔ የማላይ ሲመስለው ዳቦውን ለሁለት እየከፈለ በር ላይ ከተመለስ ጎን ይቀመጣል። አንድም አይነጋገሩም፤ ሁለቱም መንገዱን ያያሉ። ሶልያናም ጸጉሩን ማበጠር ጀመረች። በኔ ማበጠሪያ።

ደኅና ሆነ ስል ሰንበት መጣ። ቅዳሴ ልንሄድ ስንል ውሻውን በሁለት ገመድ አሠርኩት። ቅዳሴው መሐል ሰዉ ጸጥ ባለበት፣ ከቅጽሩ በር በኩል ጉምጉምታ ተነሣ። ቀና ስል ተመለስ ሁለቱን ገመድ እንደ ዘርፍ እየጎተተ ይገባል። "ቤተ ክርስቲያን የገባች ውሻ" የሚባለውን አባባል ታውቁታላችሁ፤ እኔ ግን በዓይኔ አየሁት። ከዚህ በመቋሚያ፣ ከዚያ በዱላ። እሱ ጨዋታ መስሎት ጅራቱን ይቆላል።

እኔስ ምን አደረግሁ? ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ሳብኩና እንደማላውቀው ሆንኩ። "የማን ውሻ ነው?" ሲሉ እኔም "የማን ይሆን?" አልኩ። ጴጥሮስን ሆንኩት፤ የጎደለው ዶሮ ብቻ ነው። ተመለስ ግን መጥቶ እግሬን አሸተተና እግሬ ሥር ቁጭ አለ። በዚህ ጊዜ ከወዲያ ድንጋይ ተወረወረ። ኋላ እግሩን መታው፤ ጮኸ።

"አትምቱት!"

የሴት ልጅ ድምፅ ነው። በአማርኛ ነው።

"አትምቱት! የኛ ነው! የኛ ውሻ ነው!"

ሶልያና ነበረች፤ ነጠላዋ ከትከሻዋ ወድቆ፣ ሕዝቡን ለሁለት ከፍላ እየሮጠች። ዱላ ያነሣው እጅ ሁሉ በቆመበት ቀረ። እኔም ነጠላዬን ከፊቴ አወረድኩ፤ ከዚያ በኋላ መደበቅ ምን ያደርግልኛል? ተመለስ ግን አልጠበቀንም። እያነከሰ ቅጽሩን ወጥቶ ጠፋ።

ቤት ገብተን ሶልያና ታለቅሳለች፣ ናታንም እሷ አለቀሰች ብሎ ያለቅሳል። ከቅዳሴ በኋላ በሩ ተንኳኳ። የኔታ ናቸው፤ ጥላቸውን ይዘዋል።

"ተነሡ፣ እንሂድ" አሉ።

"ወዴት የኔታ?"

"ውሻው ዘንድ ነዋ።"

"እርስዎኮ ውሻ ይጠላሉ።"

"እጠላለሁ። የልጅ ልቅሶ ግን የባሰ እጠላለሁ።"

በየቤቱ ዞርን። የኔታ ያንኳኳሉ፤ በሩ ሲከፈት ግን ወደ ኋላ ይሉና "ባለቤቷ ትጠይቅ" ብለው ሶልያናን ያስቀድማሉ። "ቡላ ውሻ... አይተሻል?" አለች መጀመሪያ፣ አንድ ሽማግሌን። "አይተዋል" ብለው የኔታ በቀስታ አረሟት። በሚቀጥለው ቤት አስተካከለች። ናታን ደግሞ የኔታን ይዟል፤ እሳቸው የተነከሱበትን ሁሉ ያስጎበኙታል። "እዚህ ቤት አንዲት ጥቁር ነበረች፤ ከዚያ አጥር ሥር ደግሞ እንደ አንበሳ ያለ። ቅኔ ተቀብዬ ስመለስ ነው የያዘኝ፤ ቅኔው እስካሁን አልተመለሰልኝም።" ናታን ልቅሶውን ረስቶ የቁርጭምጭሚታቸውን ጠባሳ "ይሄ የዚህ ቤት ነው?" እያለ ለየቤቱ ያከፋፍላል።

የዚያችው ባለሱቅ ደጃፍ ስንደርስ ሶልያና ቆመች። ከዚያ ትንፋሿን ስባ ገባች።

"ውሻ... ቡላ ውሻ አይተሻል?"

ባለሱቋ አየቻትና ፊቷ በራ። "ተመስገን! ውሻ ነሽ አላልሽኝም!" አለቻት።

ሶልያና ሳቀች። እንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች። ባለሱቋ ከባንኮኒው ወጥታ አቀፈቻት፤ የውሻውን መጥፋት ለገባ ለወጣው ደንበኛ ሁሉ እንደምትናገርም ማለች። በማግስቱ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ የክፍል ጓደኞቻቸው አብረው ፍለጋ ወጡ። ውሻ ግን የለም።

ከጥቂት ቀናት በኋላ አያ ሙሉ ደወለ። "ውሻሽ እዚህ ነው።"

"እንዴት ሆኖ መጣ?"

"በእግሩ ነዋ! አይሱዙ አላሳፈሩት።"

ቅዳሜ ሦስታችንም ሄድን። ተመለስ ከስቶ፣ እግሩን እያነከሰ፣ ከእናቱ ጎን ፀሐይ ይሞቃል። ልጆቹን ሲያይ እየሮጠ መጥቶ ናታንን ጣለው፤ ፊቱን ላሰው። ከዚያ ተመልሶ እናቱ ጎን ተኛ። አያ ሙሉ አዲስ ጠፍር ይዞ መጣ።

"እሠሪና ውሰጂው። ጥቂት ቀን ታስሮ ሲውል ይለምዳል።"

"አይሆንም" አለች ሶልያና።

"ምን አልሽ የኔ ልጅ?"

"አይሆንም። ስንወስደው አልጠየቅነውም።"

አያ ሙሉ ሳቀ። "ውሻ ይጠየቃል እንዴ?"

"እኛም አልተጠየቅንም" አለች። አልጮኸችም፤ እኔንም አላየችኝም። የውሻውን ጆሮ ነበር የምታሻሸው።

አያ ሙሉ ሳቁን አቆመና ወደኔ ዞረ። "እውነቷን ነው?"

ጀርመን ሳለን የቤቱን ዕቃ ማን ይውሰድ ብለን ጎረቤት ጠይቀናል፤ ለሥራ አለቃዬ ደብዳቤ ጽፌያለሁ፤ ለአውሮፕላኑ እንኳን መስኮት ዳር ነው መተላለፊያ ብለው ጠይቀውኛል። እነሱን ግን ነገርናቸው እንጂ አልጠየቅናቸውም። ሳሩ ላይ ተቀመጥኩ።

"እውነቷን ነው" አልኩ። "እሺ፤ አሁን ልጠይቃችሁ።"

ሁለቱ ተያዩና ወደ አጥሩ ሄደው በጀርመንኛ መመካከር ጀመሩ። ጀርመንኛ እሰማለሁ፤ ግን ጆሮዬን ወደ አያ ሙሉ ወሬ አዞርኩ፤ ስለ ድንች በሽታ ነበር የሚያወራኝ፣ አንዱም አልገባኝ። ሲመለሱ የተናገረችው ሶልያና ናት።

"ተመለስ እዚህ ይቆይ። ቤቱ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ እኛ እንመጣለን። እኛም እስከ ሰኔ እንቆያለን። ሰኔ ሲመጣ እንደገና ትጠይቁናላችሁ። የእውነት! እምቢ ብንልም ትሰሙናላችሁ።"

"አባም ይሰማል" አለ ናታን።

ዛሪማ ደወልኩ። ባለቤቴ ከቁፋሮው ጩኸት መሐል ሁሉንም ሰማኝ። "እሺ በያቸው" አለ። "እኔም እሺ ብያለሁ በያቸው።" ድምፁ ጥሩ አልነበረም።

ሰኔ ገና ነው። ምን እንደሚሉን አላውቅም፤ ልዋሻችሁ አልፈልግም፣ እፈራለሁ።

ያን ቀን ግን ደባርቅ መናኸሪያ ስንወርድ ገና ፀሐይ አልጠለቀችም ነበር። የሚኒባሱ በር ሳይዘጋ አንድ ልጅ ከሩቅ "ሶሊ! ውሻው ተገኘ?" ብሎ ጮኸ። "ተገኘ! ቤቱ ነው!" አለችው። ትንሽ እንደሄድን እኒያ "አይተሻል" ያለቻቸው ሽማግሌ በዱላቸው አስቆሟት፤ ለእሳቸው ከመጀመሪያው ጀምራ ተረከችላቸው። ቀጥሎ ባለሱቋ፤ ቀጥሎ ናታንን የከበቡት የክፍል ጓደኞቹ። ናታን እጁን ዘርግቶ ተመለስ እንዴት እንደጣለው እየወደቀ ያሳያቸዋል፤ ስንቴ እንደወደቀ እንጃ፣ አዲስ ልብሱ አፈር በአፈር ሆኗል። የኔታ በዚያ ሲያልፉ መንገድ መሐል ቆሜ አገኙኝና፣

"ምነው ልጄ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?" አሉኝ።

አያ ሙሉ ለማንኛውም ብሎ የሰጠኝን ጠፍር ባዶውን በእጄ እንደጠቀለልኩ ነበርኩ።

"ልጆቹን ነው የኔታ" አልኳቸው። "አልጨረሱም።"